የተቆረጠው ጀሪካን

ዲላ ውስጥ ርካሽ የችግኝ ማፍያ የሚፈልግ ሰው ሱቅ ከመዞሩ በፊት ባዶውን የዘይት ጀሪካን ይመልከት። አፉ ተቆርጦ ታቹ ሲበሳ ለቃሪያም ለጎመንም የሚበቃ ጥልቀት አለው፤ እንደ ስሱ ጥቁር የችግኝ ፕላስቲክ አንዴ ተቀዶ የሚጣልም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ በዲላ አካባቢ የሚገኘው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ቡናን፣ እንሰትንና ዛፍን በአንድ ማሳ ያኖራል፤ ጠባብ መሬትን ማክበር እዚህ የቆየ ዕውቀት ነው። ጓሮ የሌለው የከተማ ሰውም በረንዳው ላይ ሊቀጥለው ይችላል።

ፕላስቲክ አካባቢን ያቆሽሻል የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው። ነገር ግን ጀሪካኑ አስቀድሞ ተመርቷል፤ ምርጫው ቦይ ውስጥ መጣል ወይም አፈር መሙላት ነው። ፀሐይ ፕላስቲኩን አድርቆ ይሰነጥቀዋል ለሚሉም፣ ጥላ ሥር ሲቀመጥ ዕድሜው ይረዝማል። ጸረ ተባይ የነበረበትን ግን ለሚበላ ተክል ፈጽሞ አትጠቀሙ።