ፎርትራን፦ ጥፋቱ እርጅናው አይደለም

«ፎርትራን? እሱ እኮ የአያቶቻችን ቋንቋ ነው!» ትሉ ይሆናል። በዕድሜው ልክ ናችሁ፤ በጆን ባከስ የተመራው የአይቢኤም ቡድን ለተጠቃሚዎች ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ግን ባሕር ዳር ሆናችሁ ስለ ጣና ውሃ የተጻፉ ጥናቶችን ብታገላብጡ፣ ስሙ ባይነሳም ፎርትራን ከጀርባ አለ።

«ስዋት» የሚባለውን ሞዴል እንይ። ዝናብን፣ አፈርንና ተዳፋትን ተቀብሎ ወንዝ ውስጥ ምን ያህል ውሃና ደለል እንደሚገባ ያሰላል። በግልገል አባይ፣ በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ተሞክሯል። የተጻፈውም በፎርትራን ነው። የብዙ ዓመት ዝናብን በየቀኑና በየቁራሽ መሬቱ ለማስላት ፍጥነት ያስፈልጋላ!

አሁን ወደ ትችቱ። ፎርትራን አንድ መጥፎ የድሮ ልማድ አለው፦ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደላት ከ«አይ» እስከ «ኤን» ባሉት የሚጀምር ተለዋዋጭ፣ ካልተነገረው በቀር ሙሉ ቁጥር ብቻ ይይዛል። የሐይቁን ከፍታ «ሌቭል» ብላችሁ ሰየማችሁት እንበል። በ«ኤል» ስለሚጀምር 1786.4 ሜትር ስትሰጡት 1786 ብሎ ይይዘዋል። 0.4 ሜትር ምን አላት? ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚሰፋ፣ የጠፋው ውሃ 1.2 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው! ኮዱ አናት ላይ «ኢምፕሊሲት ነን» ብሎ መጻፍ ልማዱን ያስቀራል። በቃ፣ አንድ መስመር ናት።

የባሰው ግን የቋንቋው ሳይሆን የኛ ነው፤ ኮዱን ሳንከፍት ማመን። ስዋት የተሠራው አሜሪካ ነው። ጎርፍን የሚገምትበት «ከርቭ ነምበር» የተባለው ዘዴም የተቀመረው ከዚያው አገር ልምድ ነው። በኛ ደጋ ግን ክረምቱ ሲገፋ ከተዳፋቱ ግርጌ ያለው መሬት ውሃ ጠጥቶ ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ጎርፍ ይሆናል። ስለዚህ የሰኔ ዝናብና የነሐሴ ዝናብ መጠናቸው እኩል ቢሆንም ጎርፋቸው እኩል አይደለም። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ይሄን አይተው ለአባይ ተፋሰስ ያንን ክፍል በውሃ ሚዛን ስሌት ተኩት። የቻሉትም ኮዱ ክፍት ስለሆነና ማንበብ ስለሚችሉ ነው።

እና ፓይተን ተማሩ፣ ጥሩ ነው። ግን ፎርትራንንም ቢያንስ ለማንበብ ያህል ልመዱት። ቁልፍ ብቻ የሚጫን ሰው ከመልሱ ጋር የሌላ አገር ግምትም ይረከባል፤ በዚያ መልስ ደግሞ የኛ ግድብና የኛ መስኖ ይታቀድበታል።