ስማችን ምን ተብሎ ተጻፈ?

ጣና ዳር ዓሣ የሚነግድ አንድ ወዳጄ ማቀዝቀዣ ሊገዛ ብድር ጠየቀና «ያልተከፈለ ዕዳ አለብህ» ተባለ። ዕዳውን ከፍሎ ከጨረሰ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ደረሰኙም ሳጥኑ ውስጥ አለ። አበዳሪው ግን መዝገቡን አልዘጋለትም ኖሯል። እሱ ደረሰኝ ይዞ ሲመላለስ የጾሙ ገበያ አመለጠው።

መቀመጫውን ባህር ዳር ያደረገው አብቁተ፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ በቡድን ዋስትና ሲያበድር ማን እንደከፈለ ጎረቤት ያውቅ ነበር። አሁን ባንኮች ከማበደራቸው በፊት የሚጠይቁት ብሔራዊ ባንክ ያለውን የብድር መረጃ ማዕከል ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ያልነገሩትን አያውቅም።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ቢያንስ በዓመት አንዴ የብድር መዝገባቸውን በነጻ ያያሉ። እኛስ?

ጥፋቱ የአበዳሪው ነው፤ ማረምም ያለበት እሱ ነው። እኛም ግን አንዲት ዓሣ ስንገዛ አሥር ጊዜ የምናገላብጥ ሰዎች፣ የገዛ ስማችንን ሳናይ ዓመታት እናሳልፋለን። ከፍሎ መውጣት ብቻ አይበቃም። ዕዳው መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይቀበሉ፤ በየዓመቱም «በስሜ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም። ነውሩ የከፈለ ሰው ባለዕዳ መባሉ ነው።