ልኩን የጠበቀ ቅርንጫፍ

አንኮበር አጠገብ ባለችው አሊዩ አምባ ለሱሁር፣ ማለትም ጾሙ ከመጀመሩ በፊት፣ የተበላ የማሽላ እንጀራ ተፈጭቶ ግሉኮስ ይሆናል። ግሉኮሱ እንዳለ ጉበት ውስጥ ቢጠራቀም ውሃ እየሳበ ሴሉን ያሳብጠዋል። ጉበት ስለዚህ ግሉኮሶቹን እርስ በርስ አያይዞ ያስቀምጣቸዋል፤ ግላይኮጅን የሚባለው ይህ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ክሎድ በርናር ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1857 ነበር።

ሥራው እንደ ስፌት ከመሃል ይጀመራል። መሃሉ ላይ ግላይኮጅኒን የተባለ ፕሮቲን አለ፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ግሉኮሶች በገዛ አካሉ ላይ ይተክላል። ከዚያ ሌላ ኢንዛይም ይረከብና አንድ አንድ እየጨመረ ሰንሰለቱን ያስረዝማል። ሲረዝም፣ ሦስተኛው ኢንዛይም ከጫፉ 7 ያህል ግሉኮስ ቆርጦ ጎኑ ላይ በቅርንጫፍነት ይተክለዋል።

አንዱ ሰንሰለት በአማካይ 13 ግሉኮስ አለው፤ ከላዩም ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣል። ሁለት መሆኑን ልብ ይሏል። ከሁለት ቢያንስ ጫፉ ያንሳል፤ ቢበዛ ገና ጥቂት ደርብ ሳይሠራ ቦታው ይጣበባል። በዚህ ልክ ግን እስከ 12 ደርብ ይደርሳል፤ 55,000 ያህል ግሉኮስም ይይዛል። የሞላው የግላይኮጅን እንክብል ስፋት የአንድ ሚሊሜትር 42 ሚሊዮንኛ ያህል ነው። ከሰንሰለቶቹ ግማሹ የሚገኘው መጨረሻው ደርብ ላይ፣ ለእጅ ቅርብ በሆነው ቦታ ነው። የማሽላው ስታርችም የተሠራው ከዚሁ ግሉኮስ ነው፤ ቅርንጫፉ ግን የሳሳ ነው። ዘር አይቸኩልም፤ የሚጾም ሰው አንጎል ግን ስኳሩን በየደቂቃው ይፈልጋል።

የደም ስኳር ዝቅ ሲል ቆሽት ግሉካጎን ይልካል፤ መፍታቱም ይጀመራል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ አፈታቱ ነው። ፎስፎሪሌዝ የተባለው ኢንዛይም ከየጫፉ አንድ አንድ ግሉኮስ ይነቅልና መጋጠሚያው ሊደርስ 4 ሲቀሩት ቀጥ ይላል። ሌላ ኢንዛይም ይመጣና ሦስቱን አንስቶ ሌላ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ይቀጥላቸዋል፤ የቀረችውን አንዷን ከሥሯ ይፈታታል። መንገዱ ይጠረግና ፎስፎሪሌዝ ሥራውን ይቀጥላል።

ጉበት የሚይዘው ግላይኮጅን 100 ግራም ያህል ነው፤ ጡንቻ ግን በጠቅላላው 400 ግራም ገደማ ይይዛል። ሸክም ይዞ የአንኮበርን አቀበት የሚወጣ ሰው እግሩ ግሉኮስ የሚያወጣው ከራሱ ጡንቻ ነው። ጡንቻ ግሉኮሱን ወደ ደም የሚለቅበት ኢንዛይም ስለሌለው፣ ያከማቸውን ለራሱ ብቻ ያውለዋል።