ከቀይ ባሕር እስከ አውቶቡስ ተራ

ደቡብ አፍሪካዊቷ የታሪክ ተመራማሪ ሳንድራ ሮዎልት ሼል በ2018 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተሙት «የተስፋ ልጆች» የ64 ኦሮሞ ልጆች ታሪክ ነው። በመስከረም 1888 እ.ኤ.አ. ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ባሪያ ጭነው ወደ ዓረብ አገር የሚሻገሩ ጀልባዎችን ቀይ ባሕር ላይ ያዘች። ነፃ ከወጡት ልጆች ብዙዎቹ ኤደን አጠገብ ላለው የስኮትላንድ ሚሲዮን ተሰጡ። የኤደን ሙቀትና በሽታ ግን ይጨርሳቸው ጀመር፤ ስለዚህ በ1890 እ.ኤ.አ. 64ቱ ደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው ላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ። ከመካከላቸው አንዷ ቢሾ ጃርሳ፣ ሮቢን ደሴት ላይ አሥር ዓመት የታሰረው የፀረ አፓርታይድ ታጋይ የኔቪል አሌክሳንደር አያት ናት።

የመጽሐፉ ጉልበት አባሪው ላይ ነው። ሚሲዮናውያኑ ለሁሉም ልጆች ተመሳሳይ ጥያቄ አቅርበው ቃላቸውን መዝግበዋል፤ የአባቱ ከብት ስንት እንደነበር፣ ማን እንደያዘው፣ የት ለማን እንደተሸጠ። አንዱ በዘራፊ ተነጥቋል፣ ሌላው በዕዳ ወይም በረሃብ ሰበብ ተሰጥቷል። ሼል ይህን ይዘው የእያንዳንዱን ልጅ መንገድ ከመንደሩ እስከ ባሕሩ በካርታ አስፍረዋል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ብዙ አላየሁም። ቅሬታዬም እዚያው ነው፦ ሠንጠረዡና መቶኛው በዝቶ፣ የልጁ ድምፅ የሚሰማው መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ነው። ያም ድምፅ ቢሆን በሚሲዮናውያን ጥያቄ የተቃኘ፣ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ ነው።

ከባርነት ማምለጥ ሲነሣ ብዙዎቻችን ሃሪየት ታብማንን፣ ሸሽተኛውን በሌሊት ከቤት ወደ ቤት የሚያሸጋግሩትን አሜሪካውያን እናስባለን። እዚህ እንዲያ ያለ የረዳቶች መረብ የለም፤ መረቡ የሻጮቹ ነው፣ አዳኙ ደግሞ መድፍ የታጠቀ መርከብ። ነፃ የወጣውም ልጅ የሚሄድበትን አልመረጠም። ከ64ቱ 17ቱ አገራቸውን ዳግም ያዩት በ1909 እ.ኤ.አ. ነበር። ይህ ምን ዓይነት ነፃነት ነው የሚለውን ጥያቄ ሼል ጠበቅ አድርገው ቢይዙት ደስ ባለኝ።

መጽሐፉን መርካቶ ሆኖ የሚያነብ ሰው ዓይኑን ወደ አውቶቡስ ተራ ማዞሩ አይቀርም። ከገጠር የመጣች የ12 ዓመት ልጅ ፌስታሏን ይዛ ስትወርድ ደላላው ቀድሞ ይደርሳል፤ «ሥራ አለ» ይላታል። እሱ ለአሠሪዋ፣ አሠሪዋ አንዳንዴ ለዘመድ ያስተላልፏታል። ይህን ከያኔው የባሪያ ንግድ ጋር አንድ ነው ማለት ለሁለቱም ታሪክ ግፍ ነው። የመቀባበሉ ሥርዓት ግን ያስደነግጣል። በአዲስ አበባ የሚኖሩ ታዳጊ የቤት ሠራተኞችን ያጠናውና በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው የአናቤል ኤሩልካርና የተክለአብ መክብብ ጽሑፍ፣ ልጃገረዶቹ በአማካይ በሳምንት ከ60 ሰዓት በላይ እንደሚሠሩ አሳይቷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» ፕሮግራም ደግሞ መርካቶን ጨምሮ በችግረኛ ሰፈሮች የሰፈር ሴቶችን ቤት ለቤት አሰማርቷል፤ አሠሪን ለምነው ልጅቷን ለጥቂት ሰዓት ትምህርት ያስፈቅዱ ነበር። ምስጢር የለበትም፤ በር አንኳኩቶ መለመን ነው። እነዚያ 64 ልጆች ያጡትን የረዳቶች መረብ የሚመስል ነገር ካለ ይኸው ነው።

«የተስፋ ልጆች» በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ሊነበብ የሚገባው መጽሐፍ ነው። የሚደፍር አሳታሚ ካለ ከአባሪው ይጀምር፤ የ64ቱ ልጆች ቃል ብቻውን መጽሐፍ ይወጣዋል።