ጦቢያ እና የክርስቲያን ቤት

ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ. ም. በሮማ ያሳተሙት፣ «ጦቢያ» በሚለው ስሙ የታወቀው መጽሐፍ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ብዙዎች ስለ ቋንቋው ውበት ያመሰግኑታል፤ እኛ ግን ስለ ሴት ልጅ የሚነግረንን ልንመረምር ወደድን።

ጦቢያ የጠፋውን መንትያ ወንድሟን ዋህድን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ስትወጣ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። ኦሪት ዘዳግም ይህን ይከለክላል፤ ደራሲው ግን አይወቅሷትም፤ ፍቅር ከሥርዐት ይቀድማልና። አረማዊው ንጉሥም እርስዋን ለማግባት ክርስትናን ይቀበላል፤ ሚስት ወደ ባልዋ እምነት በመሄድ ፈንታ ባል ወደ ሚስቱ እምነት ይመጣል። ይህ ታላቅ አሳብ ነው።

የምንነቅፈው ፍጻሜውን ነው። መጽሐፉ በሠርግ ስለሚያበቃ፣ ጦቢያ ከሠርጉ ማግስት በቤቷ ምን ሥልጣን እንዳላት አናውቅም። ድፍረቷን ያየነው በተዋሰችው ልብስ ብቻ ነው።

የ1952 ዓ. ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎት ነበር፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ሁለቱን እኩል አደረጋቸው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ወንድና ሴት በክርስቶስ አንድ መሆናቸውን አስቀድሞ ጽፎላቸዋል። እንግዲህ ሴት ልጅ የገዛ ቀሚሷን እንደ ለበሰች የምትደመጥበትን ቤት መሥራት የእኛ ፈንታ ነው፤ ደራስያንም የሠርጉን ማግስት ይጻፉልን።