አለት ውስጥ የቀረ እንጨት

በሕንድ አገር ከሙምባይ ወደ ፑኔ በሚወስደው መንገድ፣ በሎናቭላ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘውን የካርላ ዋሻ የሚጎበኝ ሰው አስቀድሞ የሚደነቀው በግዝፈቱ ነው። 45 ሜትር ያህል ርዝመትና 14 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው አዳራሽ ከአንድ ወጥ አለት ተፈልፍሎ ከወጣ ወደ 2,000 ዓመት ይጠጋል። የቡድሃ መነኮሳት የጸለዩበት ነበር። ዛሬ ምእመናን የሚጎርፉት ደጃፉ ላይ ወዳለው የኤክቪራ ቤተ መቅደስ ነው፤ በዋሻው ውስጥ የሚሰማው የጎብኚ ኮቴ ብቻ ነው።

እኔን ያቆመኝ ጣሪያው ነው። እንደ ቀስት የጎበጡ እውነተኛ የእንጨት ወራጆች ከዳር እስከ ዳር ተደርድረውበታል። አለቱ ራሱን ችሎ የቆመ በመሆኑ ወራጆቹ የሚሸከሙት አንዳች ክብደት የለም። ታዲያ ምን ይሠራሉ? የፈጠራ ድህነት ነው የሚል ተመልካች አይጠፋም፤ ድንጋይ ድንጋይነቱን ይናገር እንጂ እንጨት መስሎ አይታይ የሚለው አስተሳሰብ በዘመናችን ኪነ ሕንፃ ሥር የሰደደ ነውና።

ፍርዱ የተጣደፈ ይመስለኛል። ከዋሻው በፊት የጸሎቱ ቤት የሚታነጸው ከእንጨት ነበር፤ ለጠራቢው የተቀደሰ ቤት ማለት ያ ቅርጽ ነው። የጣሪያው ጉብጠት፣ ብርሃን የሚያስገባው የፈረስ ኮቴ የመሰለው ታላቅ መስኮት፣ ሁሉም ከወራጁ የተወለዱ ናቸው። በአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች ላይ በርና መስኮቱን፣ የወጋግራውን ጫፍ ሳይቀር በድንጋይ ተቀርጾ ያየ ኢትዮጵያዊ እዚህ እንግድነት አይሰማውም። በየከተማችን በሲሚንቶ ሕንፃ ግንባር ላይ የሚለጠፈው የሐውልት ምስል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቢነሣ ከሕንፃው የሚጎድል የለም።

ካርላም ከዚህ ስሕተት አላመለጠም። በመግቢያው ግንብ ላይ ጥንት የተቀረጹት ጥንድ ጥንድ ወንዶችና ሴቶች ሕይወት ይተነፍሳሉ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ በመካከላቸው የተሰገሰጉት የቡድሃ ምስሎች ግን የቀድሞውን ስልት ሰብረውታል። በውስጥ ካሉት 37 ዓምዶች ሠላሳው በሁለት ጎን ቆመው በዝሆኖችና በጋላቢዎች ያጌጡ ናቸው። ከስቱፓው፣ ማለት ከመታሰቢያው ጉልላት፣ ጀርባ ያሉት ሰባቱ ስምንት ማዕዘን ብቻ ናቸው፤ ጌጥ የላቸውም። ዓይኔ ያረፈው በእነዚህ ነው።

የለጋሾች ጽሑፍ በየቦታው ይገኛል። አንድ ባለገንዘብ ሥራው በሕንድ ምድር ወደር የለውም ሲል አስጽፏል። በሩን የሠራው ግን ሳሚ የተባለ አናጢ መሆኑን ሌላ አጭር ጽሑፍ ይመሰክራል፤ ይህ ሁሉ በተፈለፈለ ድንጋይ ውስጥ፣ አናጢ!