የምጣድ ሠሪዋ እንጀራ፤ በሁለት ጥናቶች ላይ የቀረበ ትችት

በደቡብ ኢትዮጵያ ምጣድና ድስት የምትሠራው ሴት፥ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጠው፥ ቆዳ የሚፍቀው ሰው ባይኖሩ ኖሮ ማረስም መጋገርም ባልተቻለ ነበር። በኤሌክትሪክ የሚጋግር የከተማ ሰው እንኳ ሊጡን የሚያፈሰው በሸክላ ምጣድ ላይ ነው። ይሁን እንጂ እነዚሁ ሙያተኞች በብዙ አገር ከገበታ ተለይተው፥ መሬት ተከልክለው ኖረዋል። ስለ እነርሱ ብዙ ተጽፏል፤ ዋናው ጥያቄ ግን ገና በሚገባ አልተጠየቀም።

ፕሮፌሰር ዊሊያም ሻክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ስለ ጉራጌ ያሳተሙት መጽሐፍ፥ ከዚያም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው አጭር ጽሑፋቸው፥ «ፉጋ» ስለተባሉት እንጨት ሠሪዎች ይናገራሉ። (ስሙ ዛሬ እንደ ስድብ ስለሚቈጠር ደግመን አናነሣውም።) እነዚህ ሰዎች ቢያርሱ የአፈሩ ለምነት ይጠፋል ተብሎ ይታመን እንደ ነበር ደራሲው መዝግበዋል፤ ይህም ታላቅ ውለታ ነው። ጉድለቱ ግን ክብደቱን ሁሉ በእምነቱ ላይ መጣላቸው ነው። አፈሩ ይበላሻል የሚለው ቃል እንሰት ተካዩን ከአንድ የመሬት ተሻሚ ያሳርፈዋል፤ ሙያተኛውንም የባለመሬቱ ደጅ ጠኚ ያደርገዋል።

ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት በ2003 ያሳተሙት ስብስብ ነገሩን ወደ ፊት አራምዶታል። መገለልን በቦታ፥ በኤኮኖሚ፥ በፖለቲካ፥ በማኅበራዊ ኑሮና በባህል ለይቶ ያሳያል። ክፍፍሉ ለትምህርት ይረዳል፤ ነገር ግን ዓይነቶቹን ጐን ለጐን ማሰለፍ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚወልድ ይሸፍናል።

የከፋን ገበያ እንመልከት። ከማንጆ ወገን የሆነ ሰው ለረጅም ዘመን ከሰልና ማገዶ ሲያወርድ ገዢ ያገኝ ነበር፤ ቅቤና ወተት ቢያወርድ ግን ማን ይገዛዋል? ይህ የመብል ደንብ ይመስላል፤ በሥራው ግን የዋጋ ደንብ ነው። የምግብ ንግድ የተዘጋበት ሻጭ ያለውን ብቸኛ ዕቃ ገዢው በወደደው ዋጋ ይሰጣል፤ ገዢውም ይህን ያውቃል። የሸክላ ሠሪዋም ነገር ከዚህ አይርቅም።

የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ለብዙ ሙያተኞች መሬት አስገኝቷል፤ ብዙ ጊዜ ግን የደረሳቸው ጥቂትና ጠፍ ነበር። ንቀቱም በዚህ አልቀረም። ስለዚህ እምነቱ ከመሬት ነገር ተለይቶ ራሱን ችሎ ይቆማል የሚል ይኖራል። መልሳችን እንዲህ ነው፦ መሬቱ ሲከፈት የምግቡ ገበያ እንደ ተዘጋ ቀርቷል። ያለበውንና የናጠውን መሸጥ ያልቻለ ሰው ገበሬነቱ ግማሽ ነው።

እንግዲህ ወደ መስክ የሚወጣ ተማሪ «ከማን ጋር ይበላሉ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ ደብተሩን አይጠፍ። «ምን ይሸጣሉ? የሸክላውን አፈር ከማን መሬት፥ በምን ውል ያወጣሉ? ዋጋውንስ የሚቈርጠው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ካልተጠየቀ ንቀቱን መዝግበን፥ በንቀቱ የሚጠቀመውን ሳንመዘግብ እንቀራለን።